ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባች፤ የወንድሟ እንዳይደገም ከአሁኑ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የማራኪዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር፣ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የማስረክብ እናት ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት 6ኛ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄዬን አስተካክዬ ካላስቀመጥኩት አርሙኝ።

ትልቁ ልጄ ባለፈው ክረምት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ ከ600 251 አመጣ። ማለፊያው 300 ነው። አሁን የሪሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ያላገኙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩትን የማካካሻ ትምህርት፣ ጥሪ እየጠበቀ ነው። ሰነፍ ልጅ አልነበረም። 12ኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምጣድ ስጥድ እርሱም ተነሥቶ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ እኔ በእንጨት እጋግራለሁ፤ እርሱ በእሳቱ ብርሃን ያነባል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከርሞ ነው 49 ነጥብ የጎደለው።

ውጤቱን በስልኩ ያየው ማታ ላይ ነበር። ምንም ሳይናገር ወደ ጓሮ ወጥቶ ሊጥ የማቦካበትን በርሜል ማጠብ ጀመረ። በርሜሉ ጠዋት የታጠበ ነበር። አጥቦ ጨርሶ ደግሞ እንደ ገና አጠበው። ውኃ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት ሰፈር፣ በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ሁሉ ጨረሰው። እኔም ዝም አልኩት። በኋላ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና «እማዬ፣ ጥያቄው ሁለት ሦስት ጊዜ ካላነበብኩት አይገባኝም ነበር፤ ሰዓቱ በንባብ አለቀብኝ» አለኝ።

ዝርዝሩን ልጻፍላችሁ፤ የሚያውቅ ሰው ከቁጥሩ የሚረዳው ነገር ይኖራል ብዬ ነው። እንግሊዝኛ 36፣ ሒሳብ 33፣ ፊዚክስ 39፣ ኬሚስትሪ 46፣ ባዮሎጂ 52፣ አፕቲቲዩድ 45።

ሰው ሁሉ «ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም» ይለኛል። እውነት ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ግን አስፈራኝ እንጂ አላጽናናኝም፤ ታናሽ እህቱ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለችና። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት ነው ያለፈችው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር ባለፍን ቁጥር ነጭ ጋዋን ለብሰው የሚወጡትን ተማሪዎች ቆማ ታያለች፤ እጇን ይዤ ካልጎተትኳት አትንቀሳቀስም።

አንዷ ጎረቤቴ የግል ትምህርት ቤት አስገቢያት ትለኛለች። ሌላዋ አስጠኚ ቅጠሪላት ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ገና ናት፣ 11ኛ ክፍል ስትደርስ ይታሰብበታል ይላል። ለልጁም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልነው። በወር ከወጪ የሚተርፈኝ ቢበዛ አንድ ሺህ ብር ነው። እርሱን የት ላውለው? ደግሞስ ትምህርቷን የማላውቅ እናት ከገንዘብ ሌላ ምን ልረዳት እችላለሁ?

መልስ፦ የአምባ ጊዮርጊሱ

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ገበሬዎች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ጎንደር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ በሚመጣ በሶና ድርቆሽ ነው። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ምን ማድረግ እንደሚቻል በመጠኑ አውቃለሁ።

ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይሸፍናል። እኛ ሰፈር ልጆች የ9ኛ ክፍል ደብተራቸውን በሰኔ ለሱቅ መጠቅለያ ይሰጡታል፤ በ12ኛ ክፍል ከየሰው ቤት ይለምናሉ። እኔ ደብተሮቼን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ከአልጋው ሥር አኑሬ ነበር። የእህታችንን ደብተር እንዳትጥሉት። መጽሐፍ ካልደረሳትም በስልክ ተጭኖ የሚነበበው ቅጂ አለ፤ አንዱ ያወረደውን ለሌላው ማጋራት ይችላል።

ሒሳብ ስትሠራ ካልኩሌተር አትንካ። ፈተና ክፍል ይዞ መግባት አይቻልም። እኔ ይህን የተረዳሁት 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ የተለማመደ እጅ ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ስለ ፈተናው ራሱ ደግሞ ልንገርዎት፤ ማንም ስለማያወራው ነው። እኛ የተፈተንነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነበር። ስልክ አይገባም። በ2016 እኔ የተመደብኩበት መኝታ ክፍል ውስጥ ከቤቱ አንድም ሌሊት ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ ነበር። ጎበዝ ነበር፤ ከእኔ በጣም ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳይተኛ አደረ፤ ጠዋት እንግሊዝኛ ሲፈተን ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እኔ ግን ተከራይቼ ስለኖርኩ እንቅልፌን ተኛሁ። ልጅዎ ክረምት ላይ ዘመድ ቤት ሰነባብታ እንድትመለስ ያድርጉ፤ ለብቻ ማደርን ትልመደው። ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተፈተኑ ስለሆነ፣ መዳፊት መያዝና ገጽ መግለጥም ያን ቀን አዲስ እንዳይሆንባት።

ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ስላለው ወጪ አሁን አይጨነቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ውል ፈርመን ነው የምንማረው፤ ክፍያው ከተመረቅን በኋላ ነው። ለአንሶላ፣ ለቁልፍ፣ ለፎቶ ኮፒና ለመሳሰለው ግን ከአሁኑ በትንሽ በትንሹ ቢጠራቀም መልካም ነው።

ወንድሜንም በርታ በሉልኝ። በሪሜዲያል ገብተው ዛሬ ከእኔ የተሻለ ነጥብ ያላቸው ጓደኞች አሉኝ።

መልስ፦ የአዘዞው መምህር

እህቴ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ ወዲህ የልጅዎን ውጤት ወረቀት ላይ ገልብጬ ብዙ ጊዜ አየሁት። ሃያ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ከየትምህርት ዓይነቱ ውጤት ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ ይታያል።

ባዮሎጂ 52 ያመጣ ልጅ ማጥናት ያውቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተነሣውም ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ነገር ግን የባዮሎጂን አንድ ምዕራፍ የቀደመውን ሳይዙም ማጥናት ይቻላል። ሒሳብ ካብ ነው፤ ከሥር ድንጋይ ከጎደለ በላይ የሚቀመጠው ይናዳል። የልጅዎ ድንጋይ የጎደለው 12ኛ ክፍል ላይ አይመስለኝም። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ እንግሊዝኛው 36 መሆኑን ከአፕቲቲዩዱ 45 ጋር አያይዤ አየሁት። አፕቲቲዩድ እንደ ሒሳብ ሁሉ ከመቶ ይያዛል፤ ነገር ግን ራሱን ችሎ እንደ አንድ ትምህርት አይሰጥም። ከፊሉ የቃላትና የንባብ ጥያቄ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። «ሰዓቱ በንባብ አለቀብኝ» ያለዎት ነገር ከእንግሊዝኛው 36 ጋር አንድ ታሪክ ነው። ልጁ ራሱ ምክንያቱን ነግሮዎታል።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከሦስት አራተኛ ላይ ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? በእንግሊዝኛ ስጽፈው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ብዙዎቹ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ቀንሰው «አንድ» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ሰሌዳውን አጠፋና በአማርኛ እጠይቃቸዋለሁ። «አንድ ኩንታል ጤፍ ነበራችሁ። አንዱ ነጋዴ ሦስት ሩብ ልስጣችሁ፣ ሌላው ሁለት ሲሶ ልስጣችሁ ቢላችሁ የትኛው ይሻላችኋል? በስንት ኪሎ?» እናቱ ገበያ የምትውል ልጅ ወዲያው እጁን ያወጣል። «ሦስት ሩቡ 75 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሲሶው 66 ኪሎና ትርፍራፊ፤ በስምንት ኪሎ ከሲሶ ይበልጣል» ይላል። ትክክል ነው፤ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማለት ይኸው ነው። ልጁ ክፍልፋይ ያውቃል። ሩብና ሲሶን ከእናቱ ጓዳ ይዞት መጥቷል። መጽሐፉ በሚናገርበት ቋንቋ ሲመጣበት ግን እንግዳ ይሆንበታል።

እኔ ይህን ስጽፍ ልቤ ይነካል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስከ ትናንት በአብዛኛው በአማርኛ ያሰበች ልጅ በአንድ መስከረም ወደ ሌላ ቋንቋ ትሻገራለች፤ የሚያሻግራት ሰው ግን የለም። ያን ጊዜ ነው ልጆች ሳይገባቸው በቃል መያዝ የሚጀምሩት። ልማዱ ሲጀምር አይታይም፤ ምክንያቱም የክፍል ፈተናን ያሳልፋል። የሚጋለጠው በብሔራዊ ፈተና ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለማረም ጊዜ የለም። ስለዚህ ወንድምዎ «ገና ናት» ማለታቸው ትልቅ ስሕተት ነው። ጊዜው አሁን፣ እስከ ጥር ድረስ ያለው ነው።

ምን ይደረግ ላሉት፣ እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ከጎረቤት ይዋሱ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ክፍልፋይን፣ መቶኛን፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ትሥራ። ቀላል ነው ብላ መዝለል የለም። የዘለለችው ገጽ ነው በኋላ የሚጠልፋት። ወንድሟም አብሯት ይሥራ፤ ሪሜዲያል ሲገባ ይጠቅመዋል።

ለእንግሊዝኛው የተለየ መጽሐፍ አይግዙ። የባዮሎጂ መጽሐፏን በየቀኑ አንድ ገጽ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ። ያልገባትን ቃል በደብተር ትጻፍ፤ በስተቀኝ በአማርኛ ትርጉሙን፣ ከሥር ደግሞ ራሷ የሠራችውን ዓረፍተ ነገር። በቀን አምስት ቃል ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «ትምህርቷን የማላውቅ እናት» ብለዋል። እኔ እንደዚህ አላየውም። ማታ ሊጥ ሲያቦኩ ልጅቷን አጠገብዎ አስቀምጠው «ዛሬ የተማርሽውን በአማርኛ አስረጂኝ» ይበሏት። እርስዎ ካልገባዎት እርሷም አልገባትም ማለት ነው። «ለምን?» ብለው ይጠይቋት፤ መልስ ስታጣ መጽሐፉን ገልጣ ትፈልግ። እዚሁ ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን ያሉ የአብነት ተማሪዎች የተማሩትን ለጓደኛ ሳያሰሙ መምህራቸው ፊት አይቀርቡም። ትምህርቱን ካላወቀ ሰው የሚመጣ ጥያቄ ደግሞ ከአስጠኚ ጥያቄ ይከብዳል።

አስጠኚን በተመለከተ፣ የቤት ሥራ ሠርቶ የሚሄድ አስጠኚ አይቅጠሩ። እንዲህ ያለው ገንዘብዎን ይወስዳል፤ ልጅቷንም እጀ ሰባራ ያደርጋታል። ከእርሷ ጋር የሚስማሙ ሦስት አራት ልጆች ፈልገው ወላጆቹ ተዋጥታችሁ ለሒሳብ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን የሚያስረዳ ሰው ብትይዙ ይበቃል። የግል ትምህርት ቤቱንም ይተዉት። ወጪው የእርስዎን አቅም ጨርሶ ቤቱን ያስጨንቃል፤ የቤት ጭንቀት ደግሞ ለጥናት አይሆንም።

ለነርስነት 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ አለባት። በነገራችን ላይ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ካሠለጠናቸው መካከል የማኅበረሰብ ነርሶች ይገኙበታል፤ ልጅዎ ቆማ የምታየው በር ብዙ ነርሶችን አሳልፏል። ይሁን እንጂ 12ኛ ክፍልን ማለፍ መጨረሻው አይደለም። የትምህርት ክፍል ሲመደብ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ይገባበታል። ሊመረቁ ሲሉ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለጤና ባለሙያ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቃል። ሁሉም አንብቦ መረዳትን የሚጠይቁ ናቸው፤ ለዚህ ነው እንግሊዝኛውን አጥብቄ የያዝኩት።

መልስ፦ ነርስ ከቸቸላ

መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን እህቴ፣ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ሲያነብ እንደነበር ጽፈሻል። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ምን ትሠራለች?

የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም የጋጋሪ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ሲያጠና እኔ ውኃ እቀዳ ነበር፤ እርሱ ሲተኛ እኔ ማጥናት እጀምራለሁ፤ ሁለት ገጽ ሳልገፋ እንቅልፍ ይጥለኛል። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፤ እናቴ ሌላ ረዳት አልነበራትም። ነርስ የሆንኩት አንዲት አክስቴ «ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይህችን ልጅ ማንም አይጥራት» ብላ ቤቱን ስላዘዘች ነው። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ናቸው እዚህ ያደረሱኝ። የልጅሽን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በወረቀት ጻፊውና ለጥናት የተረፈውን ቁጠሪ። ከአንድ ሺህ ብሩም በመጀመሪያ የወር አበባ መጠበቂያዋን ግዢላት፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደሚጎድላት አስቢው።

መልስ፦ የአምባ ጊዮርጊሱ

የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችን በፎቶ ኮፒ የሚሸጡ ቤቶች ፒያሳ አሉ። አሁን ግን አይግዟቸው፤ 11ኛ ክፍል ስትገባ ይደርሳል። የመምህር ምክር ይቅደም።

ምላሽ፦ የማራኪዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የምጽፈው፤ ሞክሬ ልመለስ ብዬ ነው።

የእህቴን የነርሷን ጥያቄ ሳነብ ፊቴን አሞቀኝ። ቀኗን በወረቀት ጻፍኩት። ከትምህርት ቤት በፊት እንጀራ ለሦስት ሱቅ ታደርሳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ከመጣ ወረፋ ትይዛለች፤ ካልመጣ ጤፍ ታስፈጫለች። ለጥናት የተረፋት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ዓይኔ ሥር ስትሮጥ እየዋለች ይህን አላየሁትም። ለወንድሟ ሳነብለት ወረቀቱን ተቀብሎኝ አየውና «እንጀራውን እኔ አደርሳለሁ» አለ። ከማግሥቱ ጀምሮ ያደርሳል። ጥሪው ሲመጣ ሌላ መላ እንፈልጋለን፤ እስከዚያ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ማንም አይጠራትም።

መምህር፣ ያሉኝን አደረግሁ። በመጀመሪያው ማታ አፍራ ነበር፤ ሁለት ቃል ተናግራ ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዴት በየወገናቸው እንደሚከፈሉ ስታስረዳኝ፣ እርሾ ሕይወት አለው፣ ከፈንገስ ወገን ነው አለችኝ። ሃያ ዓመት ያቦካሁት እርሾ! የእንጀራው ዓይን የሚወጣው እርሾው በሚያወጣው አየር ነው አለች። «ታዲያ ለምንድን ነው ሐምሌ ላይ ሊጡ እምቢ የሚለኝ?» አልኳት። አሰበች፤ መጽሐፉን ገለጠች፤ አላገኘችውም። በማግሥቱ መምህሯን ጠይቃ መጣች፤ ሲበርደው ሥራውን ያዘገያል ብለዋታል። አሁን በርሜሉን ከምድጃው አጠገብ አስጠግተነዋል። የቃል ደብተሯ ሰባ አምስት ቃል ደርሷል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እርሾ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ተጽፏል፤ እኔም ይዤዋለሁ።

ለሒሳብ ሦስት ልጆች አግኝተናል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ተዋጥተን እሑድ ከሰዓት የሚያስረዳቸው ወጣት ይዘናል። የ7ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ተውሰናል። በስምንተኛው ገጽ ላይ ወንድሟም እርሷም አንድ ጥያቄ ላይ ተሳስተው ተገኙ፤ ያን ቀን እርሱ እየተቆጨም ቢሆን እስኪገባው ሠራው። የ8ኛ ክፍሉን ግን ያገኘነው የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች የተገነጠሉበትን ነው። ማራኪ ወይም ቀበሌ 18 አካባቢ ሙሉ መጽሐፍ ያለው ሰው ካለ ለሁለት ሳምንት ያውሰን፤ ልጄ በጥንቃቄ ይዛ ትመልሰዋለች።